ዘጠነኛው መደብ

ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከወንዙ ማዶ ላይ፣
አሥራ ሁለት መደብ፣ ፊቱን ለጧት ፀሐይ።
ክር ወጥሬ ለክቼ፣ ካስማ ተከልኩበት፣
በቀይ ቀለም ጽፌ፣ ቁጥር ሰጠሁበት።
መሬቱ የዘርትሁን፣ ዘሩ የኛ ቢሮ፣
ዩሪያው በማንኪያ፣ ውሃው በቆርቆሮ።

ስድስቱ ይበላል፣ ስድስቱ ይጦማል፤
ከበላው ሦስቱ ብቻ በመቀስ ይታጨዳል፤
ከጦመውም ሦስቱ፤
የቀረው በሶብላ ቆሞ አበባ ይወልዳል።

«ምን አጥፍቶ ነው» አለች፣ «ይሄ የሚጦመው?»
«ማወዳደሪያ ነው፤
ባዶውን ሳላይ፣ ሙሉውን በምን ልመዝነው?»
ሳቀች ዘርትሁን፦ «እንግዲያማ እኔም ማወዳደሪያ ነኝ፤
ዩሪያ ተወደደ፣ ዘንድሮ ማን ሰጠኝ!»

የውሃ ተራችን ሌሊት ነው፤ ባትሪ ይዤ ከቦዩ ዳር
ትንኝ እያባረርኩ አድራለሁ፣ ከእንቁራሪት ጋር።
በአራተኛው ሳምንት ዩሪያ የቀመሰው
የጥጃ ጆሮ አከለ፣ ቅጠሉን ለዳሰሰው፤
ያልቀመሰው ገረጣ፣ ጫፉ ተኮራመተ፣
ሁለት ጣት ጨመረ፣ ሳምንት እየጎተተ።

መቀስ የነካውማ ሌላ ወሬ አመጣ፦
ከጉጡ በላይ ስቆርጥ፣ ግራ ቀኝ ቀንበጥ ወጣ፤
ሁለቱን ብቀጣ፣
አራት ሆኖ መጣ።
ያልቆረጥኩት ግን ወደ ላይ ብቻ ሮጠ፣
ንብ እየጠራ፣ ቅጠሉን በአበባ ለወጠ።
አንድ መደብ ደግሞ አለ፣ እንጨቱ ድረስ ወርጄ፣
አንዲት ቅጠል ሳላስቀር የገፈፍኩት፣ ቸኩሎ እጄ።
እሱስ አልተመለሰም። ማታ ማታ አየዋለሁ፤
«አቆራረጥ፦ ከልክ በታች» ብዬ ጽፌዋለሁ።

አንድ ቀን ዘርትሁን ሁለት ቅጠል ቀጠፈች፣
አንዱን ከጥጋበኛው፣ አንዱን ከጦመኛው፣ በመዳፏ አሸች፣
«ዐይንህን ጨፍን» አለች።
ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ውሃ ውሃ ሸተተኝ፤
ሁለተኛው አፍንጫዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ፣
የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ
ከበርበሬ ስጥ አጠገብ ሳስነጥስ አገኘኝ።
ማስመሪያዬ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ናት፤
ለሽታ የሚሆን ጭረት የላት።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣
ደረስኩ። ዘጠነኛው መደብ የለም፤ ታጭዷል፣ ባዶ ቦታ።
ያልበላው፣ ያልተቆረጠው፣ እንዳይነካ ያልኩት፣
ከፍየል ከዶሮ ያስጠበቅኩት!
«ማነው?» ስል ዘርትሁን ማጭዷን አልደበቀች፤
«የሙሉሸዋን ልጅ ወባ ጣለው» አለች፤
«አምስት ቀን እህል እንቢ ብሎ፣ ትናንት ማታ ሽሮ አማረው፣
በሶብላ የሸተተ፣ ሌላ አይደለም ያማረው።
ከጥጋበኛው እንዳልወስድ ውሃ ነው፣ ታውቃለህ፤
ያንተ ቁጥር ይደርሳል። ልጁን ጠብቅ ትለዋለህ?»

ምንም አላልኩም። ተናድጄ ካስማውን ነቀልኩ፣
ከዚያ መልሼ ተከልኩ።
ከቢሮ ተደወለ፦ «የዘጠኝ ቁጥር የታለ?»
«ተበላ።»
«ከብት ገባ እንዴ?»
«ሰው ነው» አልኩ። ስልኩ ለጥቂት ዝም አለ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ
ልጁን ከሽንኩርት ማሳ አየሁት፣ ቦይ ሲያዞር፣
ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከውሃው ጋር ሲከራከር።
ዘጠነኛው ጋ ስደርስ ጎንበስ አልኩ።
ዘርትሁን ስታጭድ ሁለት ሁለት ጉጥ ትታለታለች፤
ማን አስተማራት? አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም፣
ከየጉጡ ጥንድ ቀንበጥ፣ እንደ ጥፍር የቀጠነች።
ማስመሪያዬን አወጣሁ፦ ሦስት ተኩል። አራት። ሦስት።
ሰንጠረዡ ላይ ዓምድ የለውም፤ የዘጠኝ ቦታ ሰረዝ ነው፤
ከደብተሩ ጀርባ፣ ከሽንኩርት ዋጋ ጎን ጻፍኩት፣
እርሳሱን አስቀምጬ
ጣቴን አሸተትኩት።